ሁለት ዓይነት ድካም

ወይዘሮ ሠርካዲስ ደምሴ ቀጨኔ ተወልደው ቀጨኔ ያረጁ ፈታይ ነበሩ። ከስድሳ አንድ ዓመታቸው ሃምሳ ያህሉን ያሳለፉት ከጥጥ ጋር ነው። ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ያወጡለታል፤ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፤ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው በልቃቂት ይጠቀልሉታል። የእሳቸው ሥራ ማግ ነበር። ድሩ የፋብሪካ ክር ስለሆነ ሁሉም ሸማኔ ዘንድ አንድ ነው፤ የጋቢውን ልስላሴ የሚወስነው ማጉ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች የሠርካዲስን ማግ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይለዩታል ይባል ነበር። እሳቸው ግን ይህን ሲሰሙ «ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ ምን ልትሠሩ ነው?» ይሉ ነበር።

ባላቸው አቶ መሸሻ አናጢ ነበሩ፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ወይዘሮ ሠርካዲስ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከምትሠራው ልጃቸው ከደሳለች ጋር ነው። ጥጥ የሚያገኙት ከፈታዮችና ሸማኔዎች ማህበር ነበር። በየአስራ አምስት ቀኑ ስማቸው ይጠራል፣ ጥጣቸውን ተመዝኖ ይቀበላሉ፣ ፈትለው ይመልሳሉ። በዚያን ጊዜ ከማህበሩ ውጭ ፈታይ የሚበቃው ጥጥ ማግኘት ከባድ ስለነበር፣ ስሙ ከማህበሩ ዝርዝር የወጣ ፈታይ እንዝርቱን ሰቀለ ማለት ነበር።

ሲያዩዋቸው የታመሙ አይመስሉም። ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ፊታቸው ቀላ ያለ፣ ድምፃቸው ከአጥር ማዶ የሚሰማ ነው። ደም ብዛት እንዳለባቸው ከተነገራቸው አስራ ሁለት ዓመት አልፏል፤ መድኃኒቱን ግን የሚውጡት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር። በ1979 ዓመተ ምህረት ኅዳር ላይ ከቦኖው ውሃ ወደ ቤታቸው የሚያስወጣው አቀበት መሀል ላይ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቆሙት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስት ቦታ መቆም ጀመሩ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው በሦስት ትራስ፣ ቆይቶም ግድግዳ ተደግፈው መተኛት ግድ ሆነ። ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ የጫማው ማሰሪያ እግራቸው ላይ ጉድጓድ ትቶ ይገኛል።

ደሳለች ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ካርዳቸው ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ ተጻፈ።

«ምን አሉሽ እትዬ?» ብለው ጎረቤቶች ሲጠይቋቸው፣ «ልብሽ ደክሞታል አሉኝ» ብለው መለሱ። «ማን ያልደከመው አለ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ክትትል ነበር። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ከይገዙ ጋር የተዋወቁት። ይገዙ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ቤቱ ከእሳቸው ቤት አራት አጥር ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግን ዊንጌት አጠገብ ባለው የጎሚስታዎች ማህበር ውስጥ ሲሠራ ስለሚውል እምብዛም አይተያዩም ነበር። ቀጭን ነው፤ ከታመመ ወዲህ ደግሞ የበለጠ ከስቷል። ሕመሙ ከምን እንደመጣ ሐኪሞቹ በእርግጠኝነት አላወቁትም። አንድ ቀን የጭነት መኪና ጎማ ሊያነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ። የእሱም ካርድ ላይ የተጻፈው ያው የልብ ድካም ነበር።

«እኛ እኮ ባለ አንድ በሽታ ነን እትዬ» ይላቸዋል። «ልዩነታችን እኔ እየቀነስኩ እርስዎ እየጨመሩ መሄድዎ ነው።»

«አፍህን ግን አልደከመውም» ይሉታል እሳቸው።

ክኒናቸውን ያስተያያሉ። ሽንት የሚያሸናው ክኒን ሁለቱም ዘንድ አለ፤ ይገዙ ከዚያ ሌላ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ይወስዳል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ይህችን ክኒን ለምን እንዳልተሰጣቸው ጠይቀው ያገኙት መልስ «ለእርስዎ አልታዘዘም» የሚል ብቻ ነበር።

በ1980 ሚያዝያ ሆስፒታሉ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ አገኘ። መሣሪያውን የሚያውቀው ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው ዶክተር ስብሐት ነበር። ጥንቁቅ፣ ነገር የማያበዛ ወጣት ነው፤ ያየውን ይናገራል፣ ያላየውን አይናገርም። ሁለቱን በሽተኞች ያየው በአንድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ይገዙ ገባ። መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ውስጥ ዶክተሩ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አስደገፈበትና ብዙ ደቂቃ አየ።

«ልብህ በጣም ተለጥጧል» አለው። «ውስጡ ከገባው ደም ከመቶ ሃያ ሁለቱን ነው የሚገፋው። የጤነኛ ሰው ከሃምሳ አምስት አያንስም።»

ቀጥሎ ወይዘሮ ሠርካዲስ ገቡ።

«የእርስዎ ስልሳ ሁለት ይገፋል» አላቸው። «ደህና ነው።»

«ድኛለሁ ማለት ነው?»

«አልዳኑም። ልብዎ ደህና ይገፋል ነው ያልኩት። ሌላ ችግር አለው፤ ክትትልዎን አያቋርጡ።»

ያን ሌላ ችግር ግን አላስረዳቸውም። በር ላይ ሃያ ሁለት ሰው ይጠብቀው ነበር። ለሁለቱም ቀበሌ የሚያሳዩት ወረቀት ጻፈላቸው። የይገዙ «የልብ የመግፋት ኃይል፦ በጣም ደካማ። ከባድ ሥራ ሊሠራ አይገባም» ይላል። የወይዘሮ ሠርካዲስ ደግሞ «የልብ የመግፋት ኃይል፦ ደህና። ለልብ ድካም ክትትል ላይ ናቸው» ይላል። የትኛውም ሐኪም ይህን ሁለተኛ ወረቀት ቢያነብ ሴትየዋ ሕመምተኛ መሆናቸውን ይረዳል። ወረቀቱ የሚሄደው ግን ወደ ሐኪም አልነበረም።

ወረቀቱ ያስፈለገው በእንጦጦ ችግኝ ተከላ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ቀበሌው ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየእሁዱ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ከሽሮ ሜዳ በላይ ወዳለው ተራራ ያዘምታል። የቀረ ሰው የራሽን ካርዱ ይያዛል፤ ከቀበሌ ሱቅ ጤፍም፣ ስኳርም፣ ሳሙናም አያገኝም። ደሳለች በፋብሪካዋ በኩል ስለምትዘምት በቤቱ ስም አትቆጠርም። ስለዚህ ዳገቱን የሚወጡት እናቷ ናቸው፤ ካልሆነም በሕክምና ወረቀት ነፃ መባል አለባቸው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጌጡ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሸማኔ፣ እናቱ ፈታይ ነበሩ፤ እሱም ልጅ ሆኖ ልቃቂት ተሸክሞ ሽሮ ሜዳ ተመላልሷል። ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ የተዘረጋው መዝገብ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ አንዱ «ጤናማ»፣ ሌላው «ደካማ» ይላል። ግልባጩ አንዱ የቀበሌው የበላይ ለሆነው ለከፍተኛው፣ አንዱ ደግሞ በቀበሌው ውስጥ አባላት ላሏቸው ማህበራት ይላካል።

የይገዙን ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ስሙን ደካማ በሚለው ሥር ጻፈው። የወይዘሮ ሠርካዲስን ሲያነብ ፈገግ አለ።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ይኼ እኮ የምሥራች ነው።»

«ምን ይላል?»

«ልብዎ ደህና ይገፋል ይላል። የኔን ቢያዩት እንዲህ አይሉኝም።»

ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። አንዱ «ለእኛም ያካፍሉን» አለ።

«ትንፋሼስ?» አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ።

«ስለ ትንፋሽ የተጻፈ የለም።»

«የልብ ድካም አለባት አይልም እንዴ?»

«ክትትል ላይ ናቸው ነው የሚለው። ክትትል ጥሩ ነው፤ ይከታተሉ። ልቡ ግን አልደከመም ብሏል ሐኪሙ። ልቡ ካልደከመ የልብ ድካም ከየት ይመጣል? እኔ ከሐኪም በላይ ልሆን አልችልም።»

ይህ የጌጡ ተንኮል አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራል። የበሽታው ስም ድካም ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ድካም የለም ይላል። ከሁለት አንዱን ማመን ነበረበት፤ ማኅተም ያለበትን አመነ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ጤናማ ከሚለው ሥር ተጻፉ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። በሳምንቱ ውስጥ ወይዘሮ ሠርካዲስ «ልበ ብረት» ተባሉ፤ ይገዙ ደግሞ «ደካማው» ሆነ። ይገዙ መጀመሪያ ላይ ስቆበት ነበር። ሰኔ ሲገባ የዝርዝሩ ግልባጭ ለጎሚስታዎቹ ማህበር ደረሰ። ሰብሳቢው ጠርቶ፣ ደካማ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ጎማ መንፊያ ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ አለው፤ ቦታውም ለሌላ አባል ተሰጠ። ይገዙ ጎማ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል፤ ተቀምጦ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ መለጠፍ ግን ይችል ነበር። እሱንም አላስቀሩለትም።

ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ይህን ለወይዘሮ ሠርካዲስ ነገራቸው።

«ወረቀት እንቀያየር እንዴ እትዬ?» አላቸው። «እርስዎ ደካማ ሆነው ይረፉ፣ እኔ ልበ ብረት ሆኜ ሥራዬን ልሥራ።»

«ጢምህን ምን ልናደርገው ነው?»

«ነጠላ እከናነባለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አወቁ። ጤናማ የሚለው ቃል ዳገት ያስወጣል፤ ደካማ የሚለው ደግሞ ሥራ ያስለቅቃል። እሳቸው የሚፈልጉት ዳገቱን ላለመውጣትና ፈትላቸውን ላለመተው ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን መዝገቡ ላይ የለም።

የመጀመሪያው እሁድ ዝናብ አዝሎ ነበር። የቡድናቸው መሪ ባለ ሱቋ ረሂማ ነች። አምስት ችግኝ በየፕላስቲኩ ሰጠቻቸው። እስከ ጥድ ደኑ ዳር ድረስ ደህና ሄዱ፤ ዳገቱ ሲጠነክር ግን ትንፋሻቸው ከጉሮሯቸው በታች አልወርድ አለ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ ፊታቸው እንደ ወትሮው ቀላ።

«ደህና ሆኑ አይደል?» አለች ረሂማ።

«ደህና ነኝ።»

ተነሥተው ሃያ እርምጃ ሲሄዱ ያው ተመለሰ። ከኋላ የሚመጡት ያዩታል። ሲቀመጡ ጤነኛ፣ ሲነሡ ሕመምተኛ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ቂጣቸው መሬት ሲነካ ነው የሚድኑት» ስትል ሰሟት። ሌላ ሕመም ቢሆን ኖሮ ሐሜቱ እውነት ሊሆን ይችል ነበር። የእሳቸው በሽታ መልኩ ይኸው ነበር፤ ቁጭ ላለ ሰው ደም ይበቃል፣ ዳገት ለሚወጣ አይበቃም። ይህን ግን እሳቸውም ገና አያውቁም፤ አንዳንዴ ራሳቸውም ራሳቸውን ይጠራጠሩ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ረሂማ ችግኞቹን ተሸከመችላቸው። በሦስተኛው ደሳለች በር ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አትሄጂም። ካርዱን ይያዙት።»

«ይያዙትና ምን ልትበዪ ነው?»

«ፋብሪካ ምሳ አለ።»

«ላንቺ አለ። እኔ ከፋብሪካው ደጅ ልቁም?»

«ከፋብሪካ ደጅ መቆምና ተራራ ላይ መሞት እኩል ነው?»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ያን ዕለት እንዲጠነክሩ ብለው ሽሮ በልተው ነበር፤ ጨው የበዛበት። ሽንት የሚያሸናውንም ክኒን መንገድ ላይ እንዳያስቸግራቸው ትተውታል። ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ትንፋሻቸው አልተመለሰም። ደረታቸው ውስጥ የሚፈላ ነገር ይሰማ ጀመር፤ ሲያስሉ አረፋ ወጣ። ልተኛ አላሉም፤ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ ፊት ደፋ ብለው ብቻ ይታገላሉ። ረሂማ አንድ ጊዜ አየቻቸውና ችግኙን ጥላ ወንዶች ጠራች። በጋቢ አድርገው አወረዷቸው። ችግኝ ያመጣችው የጭነት መኪና ከሽሮ ሜዳ ወስዳ ሆስፒታል አደረሰቻቸው።

ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ በመርፌ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ እስከ ማታ ሁለት ሊትር ሽንት ሸኑ። በማግስቱ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ዶክተር ስብሐት ሲመጣ ካርዱን አገላብጦ አየ፤ የራሱን ጽሑፍም አየ። በምርመራው አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ቁጥሩ ማን ዘንድ እንደሚደርስ አለማሰቡ ላይ ነው።

«ተራራ ወጡ?» አላቸው።

«እርስዎ ነዎት ያወጡኝ» አሉት ወይዘሮ ሠርካዲስ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ልብሽ ደህና ነው ብለው ጽፈው።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይገዙም ሊጠይቃቸው መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስት ብርቱካን ይዟል። ጥያቄውን የጀመረው እሱ ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። ልባቸው፣ መንፊያው ማለቴ ነው፣ ደህና ነው ካሉ ታዲያ ጎማው ነው የተበላሸው?»

«አይደለም። መንፊያ ስትጠቀም ወደ ላይ ትስበዋለህ፣ አየር ይገባል፤ ወደ ታች ትገፋዋለህ፣ አየር ይወጣል። አይደል?»

«ልክ ነው።»

«አንተ ዘንድ የተበላሸው መግፋቱ ነው። ይሞላል፣ ሞልቶ ይቀራል። እሳቸው ዘንድ የተበላሸው መሳቡ ነው። የገባውን በደንብ ይገፋዋል፤ ግን የሚገባው ትንሽ ነው። የልባቸው ግድግዳ በደም ብዛቱ የተነሣ ወፍሯል፣ ደርቋል፤ ተላልቶ አይከፈትም። መግባት ያልቻለው ደም ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ይተኛል። ተቀምጠው ሳለ ትንሿ ትበቃቸዋለች፤ ዳገት ሲወጡ ልባቸው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ የመሙያ ጊዜውም ያጥራል።»

«እና ሁለታችንም እናብጣለን።»

«ሁለታችሁም ታብጣላችሁ። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ክኒኑ የተለያየውም ለዚህ ነው። የአንተዋ ነጯ ክኒን የደከመ ልብ እንዲገፋ የምታግዝ ናት፤ የእሳቸው ልብ እንዲገፋ የሚያግዘው አያስፈልገውም።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ሲያዳምጡ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንድ ላይ ይተሻሹ ነበር፤ የፈታይ ልማድ ነው።

«ከርሯል በሉኛ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ፈትል ጥምዝ ሲበዛበት ይከራል። ስታዪው ጠንካራ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ከሌላው ይሻላል። ብትስቢው ግን አይሰጥም፣ ይኮማተራል፤ ማግ አይሆንም።» ለደሳለች የሚያስረዱ ይመስል ሐኪሙን እንደ ሴት ያናግሩት ነበር፤ ወንድ መሆኑን አስታውሰው ቀጠሉ። «የይገዙ ላልቷል፤ እሱ ጥምዝ እንዳነሰው ፈትል ነው። የኔ ከርሯል። ሁለቱም ሸማኔ ጋ ቢሄድ ይመለሳል፤ ግን ማንም ፈታይ አንድ ናቸው አይልም።»

ዶክተር ስብሐት «ከርሯል» ብሎ ለራሱ ደገመው፤ ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈው።

«አዲስ ወረቀት እጽፍልዎታለሁ።»

«ደካማ ብለው እንዳይጽፉ» አሉት ፈጥነው። «ደካማ ከተባልኩ ጥጤን ያቋርጡብኛል። ይኸውና ይገዙን አዩት፤ ካላማዳሪያ እንኳ አስጥለውታል። ጤናማም ብለው እንዳይጽፉ።»

«አልጽፍም» አለ።

የጻፈው እንዲህ ነበር፦ «የልብ ጡንቻቸው ከርሯል። ሲገፋ ደህና ነው፤ ሲሞላ ግን አይላላም። ዳገት መውጣትና ሸክም ለሕይወታቸው አስጊ ነው። ተቀምጠው የሚሠሩትን ሥራ መሥራት ይችላሉ።» ፈረመበት፣ አስመታበት።

ሆስፒታል ሰንብተው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሲወጡ ወይዘሮ ሠርካዲስ ወረቀቱን ይዘው ቀበሌ ሄዱ። ደሳለች አብራቸው ነበረች። ቢሮው ውስጥ ጓድ ጌጡ ብቻውን ነው። በጋቢ ተሸፍነው ከተራራ ሲወርዱ አይቷቸዋልና ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። ወረቀቱን አነበበ። «ከርሯል» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶ አነበበው።

«ይህን ሐኪሙ ነው የጻፈው?»

«እሱ ነው።»

«እናቴ የከረረውን ለይታ ከበሩ ኋላ ትሰቅለው ነበር» አለ ጌጡ። «አባቴ አይነካውም። አንድ ጊዜ በስህተት ማግ ውስጥ ገብቶ ጋቢውን እንዳለ አኮማተረው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ዳበሰው። «ገባኝ እትዬ። አሁን ገባኝ። ያኔ ያልገባኝ ይኼ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

መዝገቡን ገለጠ። ስማቸውን ጤናማ ከሚለው ሥር አገኘውና ሰረዘው። ከዚያ ብዕሩ ቆመ።

«የት ልጻፍዎት?»

«ከርሯል ብለህ ጻፍ።»

«እንዲህ የሚል ዓምድ የለም።»

«አንተ አስምርበት። ማስመሪያ አለህ አይደል?»

«ዓምዱ የታተመ ነው እትዬ። ከከፍተኛው ነው የመጣው። እኔ ሦስተኛ ባሰምር መዝገቡን አበላሽተሃል ብለው ይመልሱብኛል፤ በመጪው እሁድም ስምዎ የትም ስለሌለ እንደቀሩ ይቆጠራሉ።»

«እንግዲያው አታስገባኝ። ነፃ ነች በልና ተወው።»

«ነፃ የሚባለው ደካማ ነው።»

ደሳለች «ሐኪሙ ተቀምጠው መሥራት ይችላሉ ብሎ ጽፎ የለ?» አለች። «እሱንም አብራችሁ ላኩላቸው ለማህበሩ።»

«የሚሄደው የዝርዝሩ ግልባጭ ነው። ወረቀቱ እዚህ ፋይል ውስጥ ይቀራል።» ጌጡ ቀና ብሎ ልጅቷን ሳይሆን እናቷን አየ። «እኔ ለማህበሩ ሰው በአፌ እነግራለሁ። የምችለው ይኼን ነው።»

ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። በአፍ የተነገረ ከአፍ እንደወጣ ይረሳል። ማህበሩ ግልባጩን ያነባል፤ የደካማ ስም ይሰረዛል፤ ጥጡ ለሚቀጥለው ይሰጣል።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ጤናማ ቢባሉ ልባቸው የሚችልላቸው አንድ እሁድ ነው፣ ምናልባት ሁለት። ደካማ ቢባሉ ጥጡ ይቀራል። ደሳለች ክንዳቸውን ያዘች፤ አልጎተተችም፣ ያዘች ብቻ።

«ደካማ በል» አሉ። «ግን በእርሳስ ጻፈው።»

«በእርሳስ የተጻፈ ከፍተኛ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ጌጡ በብዕር ጻፈው። ሁለት መስመር ከፍ ብሎ የይገዙ ስም ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ በአፉ እፍ አለበት፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጋው።

ነሐሴ ያለ ዳገት አለፈ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ክኒናቸውን በሰዓቱ ዋጡ፣ ጨው ተዉ፣ እግራቸው ቀነሰ። በሁለት ትራስ መተኛት ቻሉ። እጃቸው ላይ የነበረችውን የመጨረሻ ጥጥ ቀስ ብለው ፈተሉ፤ ቶሎ እንዳታልቅ ባዘቶውን በጥቂት በጥቂቱ እየወሰዱ። ጌጡ ለማህበሩ ሰው እነግራለሁ ያለውን ነግሮ እንደሆነ መጠየቅ አልፈለጉም።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጥጥ የሚታደልበት ቀን ሆነ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ፈትለው የጨረሱትን ልቃቂት በዘንቢል ይዘው ሽሮ ሜዳ ካለው መጋዘን ሄዱ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወለተማርያም ልቃቂቱን መዘነች፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደ ወትሮው «ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች። ሠላሳ አንድ ስም ተጠራ። ሠላሳ አንድ ሰው ጥጡን ተቀብሎ ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ የቀሩት አራት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ሁልጊዜ ከእሳቸው በኋላ የሚጠሩ ናቸው።

«የኔ ስም ታለፈ» አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ።

ወለተማርያም ከቀበሌ የመጣውን ግልባጭ አውጥታ አየችው። ስታየው ብዙ ቆየች፤ ስማቸውን አግኝታው ነበር።

«ደካማ ይላል እትዬ።»

«እጄ ነው የደከመው ወይስ ልቤ?»

«እዚህ ላይ አይለይም» አለች ወለተማርያም፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም። ቀጣዩን ስም ጠራች።